አባቴ ኦክስጅን ላይ ነው፤ ዴክሳው ለምን 6 ሚሊግራም ብቻ ሆነ?

የሰባተኛ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ቤት ሐኪምም ፋርማሲስትም ስለማይጠፋ ነው የምጽፈው። ኮሪደር ላይ ቆሜ ስለሆነ ፊደል ቢዛነፍ እለፉኝ።

አባቴ 68 ዓመቱ ነው። መርካቶ ምስማርና ቆርቆሮ እየሸጠ ነው ስምንታችንን ያሳደገን። ስኳር አለበት፣ ሜትፎርሚን ይወስዳል፤ ደረቱ ግን እስከ ዛሬ ከማናችንም ይሻል ነበር። ነገሩ በጉንፋን ጀመረ። ዳማከሴው ተጨመቀ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ተከተፈ፣ እሱም "ሱቅ ልክፈት" እያለ ሲያስቸግረን ሰነበተ። መጸዳጃ ቤት ደርሶ ሲመለስ ማለክለክ ሲጀምርና ከንፈሩ ሲጠቁር ነው የደነገጥነው። መሃል ከተማ ካሉት ሆስፒታሎች ወደ አንዱ ይዘነው ሄድን፤ ሲገባ ሳቹሬሽኑ (የደሙ ኦክስጅን መጠን) 83 ነበር። ምርመራው ኮቪድ ሆኖ አረፈው። እኔ ደግሞ ኮቪድ የሚባለው ነገር ከማስኩ ጋር አብሮ የሄደ መስሎኝ ነበር። አሁን በአፍንጫው 5 ሊትር ኦክስጅን ተደርጎለት 92፣ 93 ላይ ነው።

ያዘዙለት ዴክሳሜታሶን በቀን አንዴ 6 ሚሊግራም ነው። የአክስቴ ልጅ ለገሃር አካባቢ መድኃኒት ቤት ይሠራል፤ ወረቀቱን አይቶ ሳቀ። "6 ምን አባቱ ያደርጋል? ለነፍሰ ጡር እንኳ 24 ይሰጣል። ፈርተው ነው" አለኝ። ማታ ሊጠይቀው ሲመጣ የዴክሳ መርፌ አምፑል በኪሱ ሞልቶ መጣ፤ "ነርሷን ለምኚያትና ትጨምርለት" እያለ ይጨቀጭቀኛል። አምፑሎቹ አሁን እኔ ቦርሳ ውስጥ ናቸው።

6 በእርግጥ ይበቃዋል? እጥፍ ቢሆን ምን ይጎዳል? ደግሞ ዴክሳው ከተጀመረ ወዲህ ስኳሩ 340 ገባ፤ ሜትፎርሚኑን አቁመው ኢንሱሊን ጀመሩለት። ራውንድ ላይ የሚመጡት ሐኪሞች ብዙ ናቸው፣ ማንን እንደምጠይቅ ግራ ገባኝ።

አንድ የረሳሁት፦ ቤት እያለ ይኸው የአክስቴ ልጅ ትንንሽ ነጭ ክኒን ሰጥቶት ነበር፣ "ለሳሉ ነው" ብሎ። ምን እንደሆነ አላውቅም።

ፋርማሲስት ከቸርችል ጎዳና

እህቴ፣ አባትሽን እግዜር ይማርልሽ። ሆስፒታል ውስጥ ፋርማሲስት ነኝ፣ ዶክተር አትበሉኝ። ለአባትሽ የሚሆነውን የሚወስኑት አልጋቸው አጠገብ የሚቆሙት ሐኪሞች ናቸው። ስለ ልኩ ግን የማውቀውን ልንገርሽ፤ ረዘም ይላል፣ ወንበር ፈልጊ።

መጀመሪያ አምፑሎቹ። ነርሷ ጋ እንዳይደርሱ። ካርድ ላይ ያልሰፈረ መድኃኒት በልመና የምትወጋ ነርስ ካለች ከእሷም ሽሺ። ሁለተኛ፣ ያንን ነጭ ክኒን ስሙን ዛሬውኑ ከአክስትሽ ልጅ ተቀብለሽ ለተረኛው ሐኪም ንገሪ። ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳ ከሆነ አባትሽ ስቴሮይድ (የእነዚህ መድኃኒቶች የወል ስም ነው) የጀመሩት ሆስፒታል ሲገቡ አይደለም፤ ቀኑ ሲቆጠርም ስኳራቸው ሲታይም ለውጥ ያመጣል። እዚህ አገር "ለሳል"፣ "ለአለርጂ"፣ "ለወገብ" እየተባለ ዴክሳ ያልተሰጠው ሰው ማግኘት ከባድ ነው፤ ይሄ ሌላ ቀን የማለቅስበት ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ልኩ። ዴክሳ ቫይረሱን አይገድልም። ኮቪድ ሲጀምር ቫይረሱ ራሱ ይራባል፤ ቀን እያለፈ ሲሄድ ግን ሳንባውን የሚያቃጥለው በአብዛኛው የራሳችን የሰውነት መከላከያ ነው። ሌባ ያባረረ ዘበኛ በዚያው ዱላውን ይዞ የቤቱን መስታወት ሲሰብር እንደማለት። ዴክሳ የሚሰጠው ዘበኛውን ቁጭ ለማድረግ ነው። ሌባው ገና ቤት ውስጥ እያለ ዘበኛውን ካስቀመጥሽው ግን ለማን እንደሠራሽ አስቢው። ስለዚህ "ስንት" ከሚለው በፊት "መቼ" የሚለው ይመጣል፤ መቼ እንደሆነ የሚነግረን ደግሞ ኦክስጅኑ ነው።

ይሄን የተማርነው ከእንግሊዝ ነው። ኦክስፎርድ የመራው ሪከቨሪ የሚባል ጥናት ውጤቱን ይፋ ያደረገው ሰኔ 2012 ላይ ነው፤ እኛ ሚሊኒየም አዳራሽን የኮቪድ ማከሚያ ባደረግንበት ሰሞን። 2,104 ሕሙማን 6 ሚሊግራም ዴክሳ በቀን አንዴ እስከ 10 ቀን ደረሳቸው፤ 4,321 ደግሞ የተለመደውን ሕክምና ብቻ አገኙ። ማን የትኛው ውስጥ እንደሚገባ በዕጣ ነበር የሚለየው። በ28 ቀን ውስጥ የሞተው ሲቆጠር፣ በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ከነበሩት ዴክሳ ካልወሰዱት ከ100 ሰው 41፣ ከወሰዱት 29። ኦክስጅን ብቻ ከሚወስዱት 26 የነበረው ወደ 23 ወረደ። ኦክስጅን ካላስፈለጋቸው ግን ሳይወስዱ 14፣ ወስደው 18። የመጨረሻው ልዩነት ጉዳት ነው ብሎ ለመማል አይበቃም፤ ጥቅም እንደሌለው ግን ቁልጭ አድርጎ አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅትም እዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ላይ ለጠናባቸው ሕሙማን ይሰጥ፣ ላልጠናባቸው ይቅር አለ።

እንግዲህ 6 ከፍርሃት የመጣ ቁጥር አይደለም። ርካሽ ሆኖ፣ በየክሊኒኩ ተገኝቶ ሰው ማዳኑ በዕጣ ጥናት የተረጋገጠ ልክ ነው። ለአዋቂ በኪሎም አይሰላም።

"እጥፍ ቢሆንስ?" ይሄም ተሞክሯል፣ ያውም ሁለት ጊዜ። ዴንማርክ፣ ሕንድ፣ ስዊድንና ስዊዘርላንድ ውስጥ 1,000 ያህል በጣም የጠናባቸው፣ ቢያንስ 10 ሊትር ኦክስጅን ወይም መሣሪያ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች 12 እና 6 ተሰጥቷቸው ተወዳደሩ። ወደ 12 ያዘነበለ ነገር ታየ፣ ግን ለማሳመን አልበቃም። አንዳንድ የጽኑ ሕሙማን ሐኪሞች 12 ሲያዙ ብታዪ ከዚህ ነው። ሁለተኛው ያው ሪከቨሪ ነው፦ 20 ሚሊግራም ለ5 ቀን፣ ከዚያ 10 ሚሊግራም ለ5 ቀን። ተራ ኦክስጅን ላይ ባሉት ወይም ጨርሶ ኦክስጅን በማይወስዱት ላይ ይሄ ከፍተኛ ልክ ለደኅንነት ሲባል እ.ኤ.አ. በ2022 ቆመ። እ.ኤ.አ. በ2023 ሲታተም ከፍተኛውን ልክ ከወሰዱት 659 ሰዎች 19 በመቶው ሞተዋል፣ የተለመደውን ካገኙት 613 ደግሞ 12 በመቶው። ስኳር የወጣባቸውም፣ ሌላ የሳንባ ምች የደረበባቸውም ከፍተኛውን ልክ ከወሰዱት በኩል በዙ።

አባትሽ በአፍንጫ 5 ሊትር ላይ ናቸው፣ ስኳር አለባቸው። ማለትም ልክ እነዚያ የተጎዱት ሰዎች ናቸው። የአክስትሽ ልጅ ያመጣው ሐሳብ ያልተሞከረ ድፍረት አይደለም፤ ተሞክሮ የወደቀ ነው።

ነፍሰ ጡርን በተመለከተ ቁጥሩ ትክክል ነው፣ ጉዳዩ ሌላ ነው። ምጥ ያለቀኑ ሲመጣ የፅንሱ ሳንባ እንዲበስል 6 ሚሊግራም በየ12 ሰዓቱ አራት ጊዜ ትወጋለች፣ ድምሩ 24፣ በሁለት ቀን አለቀ። በአንጎል ዕጢ ዙሪያ እብጠት ያለበት ሰው ደግሞ በቀን 16 ሊታዘዝለት ይችላል። አንድ አምፑል፣ ሦስት ሥራ፣ ሦስት ልክ።

እግረ መንገዴን፦ እዚህ በብዛት የምናየው አምፑል 2 ሚሊ ሊትር ሆኖ 8 ሚሊግራም የያዘ ነው። ነርሷ 1.5 ሚሊ ስባ ቀሪውን ስትደፋ አይተሽ "መድኃኒቱን ሰረቁን" እንዳትዪ። ልኩ ያ ነው።

ዴክሳ ከጠፋ ሃይድሮኮርቲዞን 50 ሚሊግራም በየ8 ሰዓቱ ወይም ፕሬድኒሶሎን 40 ሚሊግራም በቀን፣ ማለትም ባለ 5ቱ ክኒን ስምንት ፍሬ፣ ይተካዋል። *ይተካዋል* ነው ያልኩት። ደርቦ መስጠት ሌላ ነገር ነው፤ እሱም በየዋርዱ ይከሰታል፣ አንዱ ሐኪም መርፌውን ያዝዛል፣ ሌላው ክኒኑን፣ ቤተሰብ ሁለቱንም ገዝቶ ይመጣል። ካርዱ ላይ ሁለት ስቴሮይድ ካየሽ ጠይቂ።

የቀድሞ ካዛንቺስ

አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ይሄ ሁሉ ቁጥር የፈረንጅ ነው። ወንድሜ በ2013 ትኩሳት እንደጀመረው በዚያው ቀን ጎረቤታችን የሆነ ጤና ባለሙያ ዴክሳ ወጋው፣ በማግስቱ ገንፎ በላ። ሆስፒታል ሳይሄድ ዳነ። ሰው ኦክስጅን እስኪያልቅበት ቁጭ ብሎ ይጠብቅ ነው የምትሉት?

ፋርማሲስት ከቸርችል ጎዳና

ወንድሜ፣ ወንድምህ በመዳኑ ደስ ብሎኛል። ዴክሳ ትኩሳት ያጠፋል፣ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ ሰውን ቀና ያደርጋል፤ በማግስቱ ገንፎ መብላቱ አይገርመኝም። ግን ኮቪድ ከያዘው ወጣት አብዛኛው ሳይወጋም ገንፎውን ይበላ ነበር። ያልበሉት ደግሞ እዚህ መጥተው አይጽፉም።

የፈረንጅ ሳንባና የእኛ ሳንባ ላይ ልዩነት ካለ፣ እኛ የበለጠ የምንጠነቀቅበት ምክንያት ነው የሚሆነው። ቲቢው አለ፣ የአንጀት ትሉ አለ፣ ሳይታወቅ የኖረ ስኳር አለ። "ቁጭ ብሎ ይጠብቅ" ያለም የለም፦ ሳቹሬሽን ይለካ፣ ከ90 በታች ሲወርድ ወይም ትንፋሽ ሲያጥር ፈጥኖ ይምጣ። ዴክሳ ቤት የተወጋ ሰው ትኩሳቱ ስለጠፋ "ተሻለኝ" ብሎ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። እኔን የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው።

የሌሊት ተረኛ

ነርስ ነኝ። ፋርማሲስት ስለ ልኩ ጨርሰውታል፤ እኔ ስለ ስኳሩ ልበል።

እህቴ፣ 340 ስትሰሚ መደንገጥሽ ልክ ነው፣ ግን የሚጠበቅ ነው። ጠዋት የተሰጠ ዴክሳ ስኳሩን የሚያወጣው ከምሳ በኋላና ወደ ማታ ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ ሲለካ ደህና መስሎ ከሰዓት ጣሪያ ይነካል። ስለዚህ ጠዋት ብቻ ከተለካላቸው "ከሰዓትም ይለካልን" በይ፤ ይሄ ጥያቄ ማንንም አያስቆጣም። ሜትፎርሚኑን ያቆሙት ሰውነት ኦክስጅን ሲያጥረው ላክቲክ አሲድ የሚባለው ነገር ሊጠራቀም ስለሚችል ነው፤ በሕመሙ ወቅት ኢንሱሊን ይሻላል። ይህ ማለት ዕድሜ ልካቸውን መርፌ ላይ ወደቁ ማለት አይደለም። እንዲያውም ዴክሳው ሲቆም የኢንሱሊኑ ልክ አብሮ ካልተቀነሰ ስኳራቸው ዘጭ ሊል ይችላል፤ ያን ቀን ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መቀባዠር ካየሽ ሮጠሽ ጥሪን።

ደግሞ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ በር ላይ ተሰልፎ የሚገባው ነገር! የማንጎ ጁስ፣ በስኳር የተንቦገቦገ አጥሚት፣ ለስላሳ በገለባ። "ምግብ እምቢ ስላለ ነው" ትሉናላችሁ። እኛ አንድ እጃችን ኢንሱሊን ይሰጣል፣ እናንተ በሌላ በኩል ማንጎ ትጨምራላችሁ። አጥሚቱ ይምጣ፣ ስኳሩ ይቅር። እንቁላል፣ ሽሮ፣ የዶሮ ሾርባ ይብሉ።

ሌሊት ካልተኙ፣ የሱቅ ሒሳብ ካወሩ፣ ያለወትሯቸው ከተቆጡ አትደንግጪ፤ ዴክሳ ያደርገዋል፣ መርፌውን ጠዋት የምናደርገውም ለዚሁ ነው። ማንነታቸውን እስኪስቱ ከቃዡ ግን ዴክሳ ነው ብለሽ አትተዪው፤ ሳቹሬሽኑ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ጣታቸው ቀዝቅዞ ከሆነ ማሽኑ ይዋሻል፣ እጃቸውን አሙቂና ድጋሚ ይለካ።

ጠቅላላ ሐኪም፣ አራት ኪሎ

ሁለት ነገር ልጨምር።

እህቴ፣ አባትሽ የገጠር ጓሮ አላቸው? የምጠይቀው ስትሮንጂሎይድስ የሚባል የአንጀት ትል ስላለ ነው። በባዶ እግር ከአፈር ይገባል፣ ሰው ውስጥ ያለ ምንም ምልክት አሥርት ዓመታት ይኖራል። ስቴሮይድ ሲሰጥ ግን ልጓሙ ተፈቶለት ወደ ሳንባና ወደ ደም ሊሠራጭና ሊገድል ይችላል። እንዲህ ያለ ታሪክ ላለው ሰው አይቨርሜክቲን መስጠት ይታሰባል። ለኮቪዱ አይደለም፣ እሱ ወሬ አልሠራም፤ ለትሉ ነው። በምዕራብ ኢትዮጵያ ኦንኮሰርካ ለሚባለው ዓይንና ቆዳ ለሚጎዳ የትል በሽታ በዘመቻ የሚታደለው ያው መድኃኒት ነው። ቲቢም እንዲሁ፦ ከዚህ ሕመም በፊት የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ ከነበረ ለሐኪሞቹ ንገሪ፣ አክታ ጂን ኤክስፐርት ለሚባለው የቲቢ ምርመራ ይላካል። ስቴሮይዱን ለመከልከል ሳይሆን፣ ተደብቆ የቆየውን አስቀድሞ ለመያዝ ነው።

ሁለተኛው ይህን ለሚያነቡ ሌሎች ነው። ከላይ የተባለው ሁሉ ለኮቪድ ነው። የአባትሽ ምርመራ ኢንፍሉዌንዛ ቢል ኖሮ ዴክሳ ለእሱ ተብሎ አይሰጥም ነበር። በኢንፍሉዌንዛ ስቴሮይድ የወሰዱ ሕሙማንን የተከታተሉ ጥናቶች ብዙ ሞትና ተደራቢ ኢንፌክሽን ነው ያሳዩት፤ እነዚህ እንደ ሪከቨሪ በዕጣ የተሠሩ ስላልሆኑ የመጨረሻ ቃል አይደሉም፣ ግን "ይጠቅማል" ብሎ ለመስጠት ምንም አልሰጡንም። እዚያ ዋናው መድኃኒት ኦሴልታሚቪር ነው፣ በቶሎ። አስም ከተነሳበት ወይም ደም ግፊቱ በኢንፌክሽን ወርዶ በመድኃኒት ከተያዘ ስቴሮይድ በራሱ ምክንያት ሊሰጥ ይችላል። "ያው የሳንባ ቫይረስ ነው" ተብሎ የአንዱ ልክ ለሌላው አይገለበጥም። ለዚህ ነው ምርመራው የሚያስፈልገው፤ ወጪው ቢያንገሸግሽም።

የሰባተኛ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ፋርማሲስት፣ ወንድም ይሁኑ እህት አላወቅኩም እንጂ ባገኝዎት ቡና እጋብዝዎት ነበር።

ክኒኑ ፕሬድኒሶሎን ነው። የአክስቴ ልጅ መጀመሪያ "ቫይታሚን ነገር ነው" ብሎ ነበር፣ ካርቶኑን በፎቶ ላክልኝ ስለው ነው ያመነው። ለሬዚደንት ሐኪሟ ነገርኳት፤ አልተቆጣችም፣ ካርዱ ላይ ጻፈችው። ትሉንም ጠየቅኳት። አባቴ በየዓመቱ ለመስቀል ጉራጌ ይወርዳል፣ ጓሮው ውስጥ እንሰት ሲያገላብጥ ጫማ አድርጎ አይቼው አላውቅም። ሲኒየሩን አማክራ አይቨርሜክቲን ታዘዘለት። እዚያው አልነበረም፣ ከውጭ ፈልገን ገዛን።

ኦክስጅኑ ወደ 3 ሊትር ወርዷል። ማንጎው ቀርቷል፤ እናቴ ተቀይማለች። አምፑሎቹን ለአክስቴ ልጅ መለስኩለት፣ እሱም ተቀይሟል።

አንድ የቀረኝ፦ 10 ቀን ሳይሞላው ከወጣ ቀሪውን ቤት ይወስዳል? ደግሞ ስቴሮይድ በድንገት አይቆምም ሲባል ሰምቻለሁ፣ ቀስ እያለ ነው ይላሉ።

ፋርማሲስት ከቸርችል ጎዳና

ቡናውን ተቀብያለሁ፣ እህት ነኝ።

ጥናቱ ላይ ልኩ "እስከ 10 ቀን፣ ቀድሞ ከወጣ እስከሚወጣበት ቀን" ነበር። ኦክስጅን ሳያስፈልጋቸው የሚወጡ ሰዎች ዴክሳ ይዘው ወደ ቤት መሄድ አያስፈልጋቸውም። ሐኪሙ በሌላ ምክንያት ካልጻፈ በቀር መውጫ ወረቀቱ ላይ ካየሽው ጠይቂ። ቀስ እያሉ መቀነስ ለሳምንታትና ለወራት ለወሰዱ ሰዎች ነው፤ 6 ሚሊግራም ለ10 ቀን ሲሆን በአብዛኛው ቀጥ ብሎ ይቆማል። የአባትሽ ግን የቤቱ ፕሬድኒሶሎን ስላለ ስንት ቀን በምን ልክ እንደወሰዱ በትክክል ይቆጠር፤ ውሳኔው የሬዚደንቷ ነው። ሲወጡ ስኳራቸውን ቤት መለካት እንዳትተዉ፣ ሜትፎርሚኑም መቼ እንደሚመለስ በጽሑፍ ተቀበሉ።

ሚሚ ከፒያሳ

ይቅርታ መሃል ገብቼ። እናቴ ለመገጣጠሚያ ብላ ፕሬድኒሶሎን 5 ሚሊግራም በየቀኑ ከወሰደች ዓመታት አለፏት። ኮቪድ ቢይዛትና ቤት ብትሆን ታቁመው ማለት ነው? ኦክስጅን ለማያስፈልገው አይሰጥም ስላላችሁ።

ፋርማሲስት ከቸርችል ጎዳና

አታቁም! ጥሩ አድርገሽ ጠየቅሽ። የእሷ ሰውነት ለዓመታት ከውጭ ሲሰጠው ስለኖረ የራሱን ማምረት ረስቶ ይሆናል፤ በሕመም መሃል ድንገት ብታቆም ግፊቷ ሊወርድ፣ ልትዝለፈለፍ ትችላለች። የተለመደውን ትቀጥል፤ ከታመመች ደግሞ መጨመር ያስፈልጋት እንደሆነ ለሚከታተላት ሐኪም ይደወል። ከተኛች መጀመሪያ የሚነገረው ይሄ ነው። የክኒኑን ስምና ልክ በወረቀት ጽፈሽ መታወቂያዋ ጀርባ ላይ አድርጊላት፤ ድንገተኛ ክፍል የሚያደርሳት ጎረቤት ሊሆን ይችላል።